ከጓዙ ጋር ያልሄደችው እህት

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። ፓስተሩ በር ላይ እንደቆመ ቀዶ አነበበው፤ አጠፈው፤ እንደገና ዘርግቶ አነበበው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገብቶ አንድ ብርጭቆ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጠጣ። እህቱ እታለም ካሮት እየላጠች ነበር። ቀና ብላ ፊቱን አየችና ቢላዋውን አስቀመጠች። ደብዳቤውን ማንበብ አላስፈለጋትም። ወንድሟ ሊዛወር ሲል ውሃ ይጠማዋል፤ ይህን ሦስት ጊዜ አይታለች።

እታለም የመታወቂያ ስሟ አይደለም። ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ሲጠራት ሚስቱ ከእሱ ወሰደች፣ ልጆቹ ከእናታቸው ወሰዱ፣ ምእመናኑም ተከተሉ፤ በመጨረሻ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የቀበሌው ማኅደር ብቻ ሆነ። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ናት። ስትስቅ ግን ሳቁ ራሷንም ያስደነግጣት ይመስል አፏን በእጇ ትይዛለች።

ወላጆቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ ወንድሟ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የመምህራን ማሠልጠኛ ገብታ ገና አንደኛውን ዓመት አላገባደደችም። አጎታቸው መጥተው ልጁን ልውሰደው አሉ። «አይሆንም፣ ከእኔ አይለይም» አለች። ትምህርቷን አቋርጣ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረች፤ አንሶላ እያጠበች፣ እየተኮሰች፣ እያጠፈች አስተማረችው። በዚያው ዘመን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወዷት ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። «ልጁ አጎቱ ጋ ይሁንና እኛ ጎጆ እንውጣ» አላት። «ልጁ ካለ እኔ አለሁ፤ ልጁ ከሌለ የለሁም» አለችው። ሰውየው ስድስት ወር ጠብቆ ሌላ አገባ። እታለም ይህን ነገር ለወንድሟ ነግራው አታውቅም።

ልጁ አድጎ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ገባ፣ ተመረቀ፣ ፓስተር ሆነ፣ ነርስ አገባ። ሙሽሪት ስትመጣ ቤቱ እመቤት ነበረው። የመጀመሪያውን ዓመት ሁለቱ ሴቶች ተጠነቃቅቀው ኖሩ፤ አንድ ቀን ሁለቱም ጨው ይጨምራሉ፣ በማግስቱ ሁለቱም ሌላዋ ጨምራለች ብለው ይተዉታል። ፓስተሩ ጨው የበዛበትንም ያነሰውንም ሳይናገር ይበላ ነበር፤ ሚስቱ በኋላ «ትዕግሥትን የተማረው ከድስታችን ነው» እያለች ትስቃለች። የመጀመሪያዋ ልጅ ስትወለድ ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ሚስቲቱ ሆስፒታል ተረኛ ስትሆን ሕፃኗ እታለም አልጋ ላይ ታድራለች፤ ከዚያ ወዲያም ከዚያ አልጋ አልወረደችም፤ ሌላ አልጋ ሲገዛላት እንኳ ከአክስቷ አልጋ ጎን ተዘረጋላት።

ሦስት ጊዜ ተዛውረዋል። ጓዝ መሸከፍ የእታለም ሙያ ነበር። መጻሕፍት በትንንሽ ካርቶን፣ ሳህን በፎጣ መሃል፣ መስታወት በፍራሽ ውስጥ። በአራት ቀን አፍርሳ የጠቀለለችውን ቤት በሁለት ቀን አቁማ መጋረጃ ትሰቅላለች። ወንድሟ በአዲሱ ጉባኤ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ጫማው ተወልውሎ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን አንድም ቀን አስቦበት አያውቅም።

የዚያን ማክሰኞ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ፓስተሩ ሁሉንም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰባቸው። ጸለየና ደብዳቤውን አነበበላቸው። የሚሄዱባት ከተማ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለባት። ጉባኤው ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በቀኝ ግማሹ በግራ ተቀምጦ የማይነጋገር፣ ሁለት ፓስተሮች አንገሽግሿቸው የሄዱበት ነው።

«ከባድ ቦታ ነው» አለ። «ግን ተጠርተናል።»

ሚስቱን ስለ ሥራዋ ጠየቃት። እዚያም ጤና ጣቢያ አለ፣ ዝውውር እጠይቃለሁ አለች። ትልቋ ልጅ፣ አሁን አሥራ አራት የሞላት፣ ጓደኞቼን ብላ አለቀሰች፤ እጇን ይዞ ረጅም ጊዜ አነጋገራት። ሁለቱን ታናናሾች ምን እንደሚያሳስባቸው ጠየቃቸው፤ አንደኛው የኳስ ሜዳ መኖሩን፣ ሌላኛዋ ድመቷ ትሄድ እንደሆነ ጠየቁ። ለሁለቱም መልስ ሰጠ። በመጨረሻ ወደ እህቱ ዞረ።

«እታለም፣ ካርቶን ከየት እናገኛለን?»

«ከመድኃኒት ቤቱ» አለች። ተነሥታም ሳህኖቹን ሰበሰበች።

በማግስቱ ከሰዓት እንደ ልማዷ ወደ መጽሐፍ ጥረዛ ቤቱ ሄደች።

ይህች ከተማ ከሌሎቹ ሁሉ የረዘመ ጊዜ የኖሩባት ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት። በሦስተኛው ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ የመዝሙር መጻሕፍት እየተበታተኑ መዘምራኑ ገጽ ከወለል ላይ ሲለቅሙ፣ ሽማግሌዎቹ በጆንያ አስይዘው ለጠራዡ እንድታደርስ ላኳት። ጠራዡ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለች አንድ ጠባብ ክፍል የሚሠሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ፊታቸው የማይፈታ ሽማግሌ ነበሩ። ጆንያውን አዩና «ሁለት ወር» አሏት። እሷ ግን አልወጣችም። መርፌው ከእጥፍ እጥፍ እየዘለቀ የተበተነውን ወረቀት ሲሰበስበው ቆማ አየች።

«ወይ ይቺን ክር ያዢ፣ ወይ ከብርሃኔ ላይ ዞር በይ» አሏት ሳያዩዋት።

ክሩን ያዘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ዕቃ ታጥቦ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ያለው ጊዜ የጥረዛ ቤቱ ሆነ። በወሩ መስፋት ለመደች፤ በሁለተኛው ዓመት ሽፋን ማልበስ፤ በሦስተኛው ጠራዡ የሰፉትን ፈትታ እንደገና ስትሰፋው ሽማግሌው አይተው ዝም አሉ። የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የትምህርት ቤት ማርክ መያዣ፣ ሰው ከአባቱ የወረሰው መጽሐፍ፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል። ክሩን በሰም ታሻለች፣ በወስፌ ትበሳለች፣ ሰፍታ ስትጨርስ የመጽሐፉን ጀርባ በአውራ ጣቷ ትዳብሰዋለች። ቤት ውስጥ የሠራችው ሁሉ በማግስቱ ይቆሽሻል ወይም ይበላል። እዚህ የሠራችው መደርደሪያ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

የቤት ሰዎች ይህን እንዴት እንደሚያዩት ታውቃለች። «እታለም ሽማግሌውን ልትረዳ ሄዳለች» ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አንዳንዴ ይቀልዱባታል፤ ሽማግሌው በሙጫ ያጣበቋት ይመስላል ይላሉ። እሷም ትስቃለች።

መዛወራቸውን ስትነግራቸው ጠራዡ የመጽሐፍ መጭመቂያውን እያጠበቁ ነበር። እጃቸው ካለፈው ዓመት ወዲህ ይንቀጠቀጣል።

«የፍርድ ቤቱ መዝገብ ለወር መጨረሻ ነው የተባለው» አሉ።

«ሳልሄድ እጨርሰዋለሁ፣ ጋሼ።»

መጭመቂያውን አንድ ጊዜ ጨምረው አዞሩት። «አንቺ ትፈልጊያለሽ?»

«ምኑን?»

«መሄዱን።»

እታለም መርፌዋ ላይ ክር ለማስገባት ሞከረች፤ አልገባላትም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለራሴ ብዬም ነው የምጠይቅሽ፣ አልዋሽሽም። ዓይኔ እየከዳኝ ነው። ከኋላ ያለችው ክፍል ባዶ ናት። ግን እሱን ተይው። የጠየቅኩሽ ትፈልጊ እንደሆነ ነው።»

የዚያን ቀን ወደ ቤት ስትመለስ የራሷን በር አልፋ ሄደች። መንገዱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነው ያስተዋለችው። ወደ ኋላ ስትመለስ የምታስበው ስለ መቅረት አልነበረም። አንድ ሰው ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ እየሞከረች ነበር። ሾፌሩ ትዝ አላት። ከእሱ ወዲህ ሌላ ሰው ማስታወስ አቃታት።

በዚያ ሳምንት የአዲሱ ጉባኤ ጸሐፊ የቤቱን ስፋት በወረቀት ላኩ፤ ሦስት ክፍል። የፓስተሩ ሚስት ጠመኔ ይዛ ሳሎኑ ወለል ላይ ክፍሎቹን በልኩ ሣለቻቸው። ልጆቹ በመስመሮቹ መካከል እየተዘዋወሩ እዚህ ጋ በር አለ፣ በግድግዳ ማለፍ አይቻልም እየተባባሉ ተጫወቱ።

«እታለም፣ ያንቺና የልጆቹ አልጋዎች እዚህ ይሆናሉ» አለች ሚስቲቱ። «ጠበብ ይላል፣ ግን አንቺን መስኮቱ ሥር አድርጌሻለሁ።»

እታለም መስመሩ ውስጥ ገብታ ቆመች። ክፋት የለበትም፤ መስኮቱ የተሰጠው ለእሷ ነው። ሚስቲቱ ከሁሉም የተሻለውን ቦታ መርጣላታለች። ነገር ግን እዚያ ቆማ ሳለ እንደማትሄድ አወቀች። ደስታም አልተሰማት፤ ከባድ ዕቃ ያነሣ ሰው እንደሚያደርገው ትንፋሿን ውጣ ቆየች።

አስቀድማ የነገረችው ለሚስቲቱ ነው። ሁለቱ ሳህን እየጠቀለሉ ነበር።

«እኔ አልሄድም» አለች እታለም።

ሚስቲቱ የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ምን አስቀየምኩሽ?»

«ምንም።»

«ክፍሉ ከሆነ፣ ሳሎኑን በመጋረጃ…»

«ክፍሉ አይደለም። እዚህ ሥራ አለኝ።»

ሚስቲቱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ አሥራ አምስት ዓመት የሰው ቁስል ስታጥብ ያልተንቀጠቀጠ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «እኔ እኮ ያለ አንቺ ቤት ይዤ አላውቅም» አለች። «የዳቦ እርሾ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አላውቅም።»

«ከሁለተኛው መደርደሪያ፣ ከቆርቆሮው ጀርባ» አለች እታለም። ሁለቱም ሊስቁ ቃጥቷቸው ተዉት።

ወንድሟን የማንበቢያ ክፍሉ ድረስ ሄዳ ነገረችው። በግማሽ በተሞሉ ካርቶኖች መካከል ቆሞ ነበር። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ሄደ፤ ድምፁም መድረክ ላይ ወደሚጠቀምበት ድምፅ ተቀየረ።

«ጸልየሽበታል?»

«አንተ ስትነግረን እኛ እንድንጸልይበት ጠየቅከን እንዴ? ተጠርተናል አልክ።»

«እታለም፣ ማን ይጠይቅሻል? ብትታመሚ ማን አለሽ?»

«አልታመምኩም። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ዘጠና አይደለም።»

«ሰው ምን ይላል? ያሳደገችውን እህቱን ጥሏት ሄደ አይሉም?» ይህን ካለ በኋላ ራሱም ያፈረበት መሰለ፤ ማፈሩ ደግሞ አናደደው። «ቤተሰብሽን ለወረቀትና ለሙጫ ብለሽ ነው የምትተዪው?»

እታለም ይህን ልጅ በሕይወቷ ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም፤ አሁንም ቃል መረጠች።

«አንተ ስትጠራ» አለች፣ «ለደብዳቤና ለመድረክ ብለህ ነው ብዬህ አውቃለሁ?»

ወጥታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ እሱና እሷ ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገሩም። በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ፣ ዳቦ ይቀባበላሉ። ልጆቹ ድምፃቸውን ቀንሰው ሄዱ መጡ። እሷ ግን መሸከፏን አላቆመችም። መጻሕፍቱን በትንንሽ ካርቶን፣ ሳህኑን በፎጣ መሃል። በየካርቶኑ ላይ ውስጡ ምን እንዳለና የት ክፍል እንደሚገባ ጻፈችበት፤ ከዚህ በፊት መጻፍ አያስፈልግም ነበር፤ የምትፈታው እሷ ነበረችና።

ከሁሉ የከፋው የትልቋ ልጅ ነገር ነው። አንድ ከሰዓት መጥታ እታለም አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እኔም ካንቺ ጋ ልቅር» አለች። «ትምህርቴን እዚሁ እጨርሳለሁ። አንቺ አባቴን አላሳደግሽም?»

«አባትሽ እናት አልነበረውም» አለች እታለም። «አንቺ አለሽ።»

«ታዲያ ለምን አንቺ ትቀሪያለሽ፣ እኔ አልቀርም?»

ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበራትም። ልጅቷ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ ትራሷን ይዛ ወደ ታናናሾቿ ክፍል ሄደች። እስኪሄዱ ድረስ እዚያው አደረች።

እሑድ የስንብት ጉባኤ ተደረገ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ፓስተሩን፣ ባለቤቱን፣ ልጆቹን አመሰገኑ፤ አንደኛው ሊቀመጥ ሲል ትዝ ብሎት «አብራ ያገለገለችውንም እህት» አለ። ፓስተሩ ቆሞ ሰበከ። እታለም የወንድሟን ስብከት ታውቀዋለች፤ የዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ሐሳቡ ጠፋበት፤ አንድ ጥቅስም ደግሞ አነበበ። ሰው በኀዘኑ ተረጎመለት።

ሰኞ ከሰዓት ጥረዛ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ ብርሃኑን ጋረደ። ጠራዡ «ዞር በል» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ማን እንደሆነ ሲያዩ ተዉት። እንዲቀመጥ ከአንድ መደብ ላይ ወረቀት አነሡለት፤ ራሳቸው ግን ክር ሊገዙ የሚሄዱ መስለው ወጡ።

ወንድሟ ተቀመጠ። በስምንት ዓመት ውስጥ እዚህ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። መደርደሪያውን፣ የተሰፉትን መዝገቦች፣ ከምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ክር አየ። ከዚያ እጇን አየ። እታለም መስፋቷን አላቆመችም።

«የመዝሙር መጻሕፍቱን የሰፉት ሽማግሌው መስለውኝ ነበር» አለ።

«የመጀመሪያዎቹን አርባ እሳቸው ናቸው። የቀሩትን እኔ።»

«መድረክ ላይ ያለውን ትልቁን መጽሐፍ ቅዱስስ?»

«እሱንም።»

አንገቱን ደፋ። ስድስት ዓመት በየእሑዱ ሲገልጠው ኖሯል። ከዚያ ያ የመድረክ ድምፁ የሌለበት፣ ከልጅነቱ የምታውቀው ድምፅ ወጣው።

«ደብዳቤው የመጣ ቀን ልጠይቅሽ ይገባ ነበር።»

«አዎ» አለች።

«አሁን ብጠይቅሽስ? እታለም፣ ከእኛ ጋ ትመጪያለሽ? እኔ እንድትመጪ እፈልጋለሁ። ፈርቻለሁ። ያን ቦታ ያለ አንቺ እንዴት እንደምገባበት አላውቅም።»

እታለም መርፌውን ወረቀቱ ላይ ሰካችና እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሳይጠይቃት ሳለ እምቢ ማለት ቀላል ነበር። አሁን ከፊቷ የተቀመጠው ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ አጎቱ ሻንጣ ይዘው ሲመጡ ከቀሚሷ ኋላ የተደበቀው። አዎ የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣ።

«አልመጣም፣ ወንድምዓለም» አለች።

እሱም ራሱን ነቀነቀ። አላለቀሰም። እሷ ናት ያለቀሰችው፤ እሱ መሐረቡን አውጥቶ ሰጣት፤ የተኮሰችው እሷ ነበረች።

ሐሙስ ጠዋት የጭነት መኪናው መጣ። እታለም የቱ ካርቶን ከየቱ በላይ እንደሚጫን ቆማ አዘዘች። ድመቷ በቅርጫት ገባች። ሚስቲቱ አንገቷን አቅፋ አልለቅ አለች። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ሳማት። ትልቋ ልጅ ቀድማ መኪና ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደ ማዶ አዙራ ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስም አልዞረችም።

የጥረዛ ቤቱ የኋላ ክፍል ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ ወንበር፣ አንዲት ምድጃ። እታለም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለስድስት ሰው አብስላ ለሦስት ቀን ብቻዋን በላች። ጠዋት ስትነሣ የሚቀሰቀስ ሰው ያለ መስሏት ስም ልትጠራ ይቃጣታል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የት እንደምትቀመጥ ግራ ገባት፤ አሥራ አንድ ዓመት ከፊት ተቀምጣለች፤ አሁን ያ ወንበር የአዲሱ ፓስተር ቤተሰብ ነው። ከኋላ ተቀመጠች። አንዳንዴ መቅረቷ ስሕተት መስሎ ይታያታል። ከዚያ ሥራ ይመጣል፤ የሆስፒታሉ ካርዶች፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ። የጠራዡ ዓይን በዓመቱ ጨርሶ ደከመ፤ በር ላይ ተቀምጠው ሥራ የሚያመጣውን ሰው መቆጣት ብቻ ሆነ ድርሻቸው።

ወንድሟ በየሳምንቱ ይደውላል። የዚያ ጉባኤ ሰዎች አስቸግረውታል፤ በስድስት ወሩ አንድ ቀን በቀኝ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው በግራ ካሉት ጋ ሄደው መቀመጣቸውን ነገራት። «አንድ ሰው ነው» አለ። «ግን ሄዱ።» ትልቋ ልጅ ስልክ ላይ አትመጣም። ሥራ ይዛለች፣ እያነበበች ነው ይላሉ።

በሁለተኛው ዓመት ሚስቲቱ ለቀዶ ሕክምና ተኛች፤ እታለም የፍርድ ቤቱን ሥራ አስረክባ ሄደች። ያን የጠመኔ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በግድግዳው አየችው። ሳህኖቹ እሷ ከምትደረድርበት ሌላ ቦታ ተደርድረዋል። ወጥ ቤት ልትገባ ስትል ትልቋ ልጅ በሩ ላይ ቆመች፤ ቁመቷ ደርሶባታል።

«አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ» አለቻት።

ነገሩ ስድብ ይሁን አክብሮት እታለም መለየት አቃታት። ተቀመጠች። ልጅቷ ሾርባ አቀረበችላት፤ ጨው አልነበረውም። እታለም በልታ ጨረሰችው። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ እቃ እያጠበች ሳለ፣ ጀርባዋን እንደሰጠች «ያ የጠየቅኩሽ ጥያቄ» አለች፣ «መልስ አገኘሽለት?»

«አላገኘሁም» አለች እታለም።

«እኔም አላገኘሁም» አለች ልጅቷ፤ ፎጣውንም ወረወረችላትና አብረው ሳህን አደረቁ።

ሚስቲቱ ድና ስትነሣ ሌላ ሁለት ሳምንት ቆይታ እታለም ሻንጣዋን አነሣች። ወንድሟ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኛት፤ መስኮት ያለው ወንበር ፈልጎ አስቀመጣትና ሾፌሩን አደራ አለው። አውቶቡሱ ሲነሣ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት «ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብላ ጠየቀቻት።

«ወደ ቤቴ» አለች እታለም።